የአፍንጫ መድኃኒትና የጋሼ ጥጋቡ ዓይን

በበዓል ሰሞን መርካቶ ገብቶ ሳይናደድ የሚወጣ ሰው ካለ፣ እሱ ወይ ነጋዴ ነው ወይ ኪስ አውላቂ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። ጥምቀት ደርሶ፣ የእህቴ ሠርግም ከዚያው ጋር ተደርቦ፣ ባለቤቴ ከሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት የመዘዘችውን ወይን ጠጅ ክር በመሀረብ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ከዚህ ጋር የሚሄድ ነጠላ ሳትይዝ እንዳትመጣ!» ብላ ወደ ሸማ ተራ ላከችኝ። ከታክሲ ከወረድኩ ጀምሮ የራሴን እግር የምረግጥበት ቦታ አጣሁ። ከኋላዬ «መንገድ! መንገድ!» የሚል ተሸካሚ በቦንዳው ትከሻዬን ገጭቶኝ አለፈ፤ ዞር ብዬ ልቆጣ ስል ሌላው ገጨኝ።

የሸማ ተራ መግቢያ ላይ ስደርስ አንዲት ወጣት «መምህር!» ብላ እጄን ያዘችኝ። ሂዳያ ናት። ባዮሎጂ ሳስተምራት ጥያቄዋ አያልቅም ነበር፤ አሁን ፋርማሲስት ሆናለች። እናቷ እትዬ ሀፍሷ እዚያው ተራ ክር ስለሚሸጡ ምሳ ልታደርስላቸው መምጣቷ ነበር።

«ነጠላ ከሆነ ጋሼ ጥጋቡ ጋ እንሂድ» አለችኝ። «ከእናቴ ሱቅ ፊት ለፊት ናቸው። በጥለት ቀለም እሳቸውን የሚያህል የለም።»

ጋሼ ጥጋቡ ከጎጃም በልጅነታቸው መጥተው በዚህ ንግድ ያረጁ ሰው ናቸው። ገና ስንገባ የጋቢ ቦንዳ እየፈቱ ነበርና ብናኙ ሱቁን ሞልቶታል። አንድ ጊዜ አስነጠሱ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። ከግራና ከቀኝ ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ «ይማርዎ!» አሉ። እሳቸውም ከኮት ኪሳቸው አንዲት ትንሽ ብጫ ኪኒን አውጥተው ያለ ውኃ ዋጡ።

በዚያ ረድፍ አንድ ወግ አለ። ሰው ሲያስነጥስ ጎረቤቱ «ይማርህ» ብሎ አይተወውም፤ አንዲት ብጫ ኪኒን ያቀብለዋል። ቀኑን ሙሉ በጥጥ ብናኝ ሲያስነጥሱ የሚውሉ ሰዎች የሚተዛዘኑት በእሷ ነው። አልወስድም ማለት የቀረበ ጉርሻ እንደ መመለስ ነው። እኔም ወዲያው አስነጠስኩ፣ ኪኒኔም ወዲያው ደረሰኝ። በእጄ እንደያዝኳት ክሩን አሳየኋቸው።

ጋሼ ጥጋቡ ክሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ፤ ከመደርደሪያው አንድ ነጠላ መዘው ዘረጉልኝ። «ይኸው! ከአንድ እናት የተወለዱ!»

«ጋሼ፣ ይህኮ ቡናማ ነው» አልኩ።

«ቡናማ?» ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔን ነው ቀለም የሚያስተምሩኝ? አምፖሉ ነው እንጂ!»

ሂዳያ ነጠላውን ሳይሆን እሳቸውን ታይ ነበር። «ጋሼ፣ ቀኝ ዓይንዎ ቀልቷል። ያምዎታል እንዴ?»

«ብናኝ ነው፣ ልጄ። ቅንድቤ ላይም ከጠዋት ጀምሮ ወጋ ወጋ ያደርገኛል። የበዓል ሥራ ነው፣ ምን ይደረግ።»

«አምፖሉን ሲያዩትስ?»

«አምፖሉማ ጥለት ለብሷል!» ብለው ሳቁ። «ዙሪያውን ቀይ፣ ብጫ፣ ሰማያዊ። ሸማኔውን ባውቀው ኖሮ ለጥምቀት አዝዘው ነበር።»

እኔም ሳቅሁ። ሂዳያ ግን አልሳቀችም። እጄ ላይ የነበረችውን ኪኒን አንስታ አየቻት።

«ይህ ክሎርፌኒራሚን የሚባለው የድሮው የአለርጂ መድኃኒት ነው። ዛሬ ስንት ዋጡ?»

«ማን ይቆጥረዋል? ብናኙ ሲብስ እኔም እጨምራለሁ።»

«ጋሼ፣ አምና ለዓይን ምርመራ ዘመቻ ከእናቴ ጋር ሄደው አልነበረም? ምን አሉዎት?»

«ዓይንህ ውስጥ ያለው የፈሳሽ መውጫ ጠባብ ነው፣ ሆስፒታል ሄደህ በጨረር ይሠራልህ፣ እስከዚያው መድኃኒት ከመውሰድህ በፊት ጠይቅ አሉኝ። ጨረሩን ፈራሁት፣ አልዋሽሽም። ምክራቸውን ግን ጠብቄያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ ዓይኔ ውስጥ አልገባችም።»

«ይህ ኪኒንስ?»

«ይኼማ የአፍንጫ ነው!»

ጋሼ ጥጋቡ የረቱ መስሏቸው ተደላድለው ተቀመጡ።

«አየሽ ልጄ፣ አንቺ እዚሁ ያደግሽ ነሽ። ጋቢ ፈልጎ አትክልት ተራ የሚሄድ ሰው አይተሻል? ቲማቲምስ ሸማ ተራ ይጠየቃል? ነገር ሁሉ ተራ ተራ አለው። የአፍንጫው ወደ አፍንጫ፣ የዓይኑ ወደ ዓይን። እኔ የተከለከልኩት የዓይን መድኃኒት ነው፤ የአፍንጫ መድኃኒት ዓይኔ ዘንድ ምን ሥራ አለው?»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰው ሞኝ ነው እንዳትል። ዕድሜውን ሙሉ ሁሉም ነገር በየተራው ተለይቶ በሚሸጥበት ከተማ ውስጥ የኖረ ሰው፣ ሰውነቱንም እንደዚያው አድርጎ ቢያስበው አይፈረድበትም። የሚያስፈራውም ስሕተቱ ጥንቃቄ መምሰሉ ነው። ግዴለሽ ሰው ቢሆኑ ኖሮ መቆጣት ይበቃ ነበር፤ ጋሼ ጥጋቡ ግን እየተጠነቀቁ ነበር ወደ ገደሉ የሚሄዱት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ሂዳያ፣ «ኪኒኑን አፍንጫዎ ውስጥ ነው የሚጨምሩት?»

«እንዴት ተደርጎ! እውጠዋለሁ እንጂ።»

«ከሆድ ወደ ደም ይገባል። ደም ደግሞ ተራ አያውቅም፤ ሁሉንም ያዳርሳል። ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፉት፣ አፍዎ የሚደርቀው በምን ይመስልዎታል?»

«በእርጅና ነው ብዬ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

«በእሱ ነው። ዓይን ውስጥ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፤ እንባ አይደለም፣ ሌላ ነው። በአንድ መውጫ ይወጣል። ይህ ኪኒን የዓይንን ብሌን ያሰፋዋል። ብሌኑ ሲሰፋ ዙሪያው ያለው ባለ ቀለሙ ክፍል ይሰበሰብና፣ እንደ እርስዎ መውጫው ጠባብ የሆነበትን ሰው ጭራሽ ይደፍንበታል። ፈሳሹ መመንጨቱን አይተው፣ መውጫ ደግሞ የለውም።»

በዚህ መሀል በሩ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች ፊት ለፊት ተገናኝተው አንዱም ወደ ኋላ አልመለስ ብሎ መተላለፊያው ተዘግቶ ነበር። ከኋላቸው ሰው ይገፋል፣ ይሳደባል፣ ሕፃን ያለቅሳል።

«ያንን ይመልከቱ» አለች። «ሰው መምጣቱን አያቆምም። ካልተከፈተ የሚጨፈለቅ አለ። ዓይን ውስጥ የሚጨፈለቀው ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሞተ አይመለስም። ግላኮማ የምንለው ይህን ነው።»

ጋሼ ጥጋቡ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «እሺ፣ ይህ ረድፍ በሙሉ ይውጠው የለም እንዴ? እናትሽስ አትውጥም? ማን ታወረ?»

«አብዛኛውን ሰው ዓይኑን አይጎዳውም፤ እውነትዎን ነው። የእናቴ መውጫ ሰፊ ነው ተብሏል። ግላኮማ ካለባቸውም መውጫቸው ክፍት የሆነ፣ በጠብታ የሚከታተሉ ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ሐኪማቸው ሊፈቅድላቸው ይችላል። ልዩነቱን ግን በመንገድ ላይ ማን ያውቃል? ለዚህ እኮ ነው መድኃኒት እንደ ቆሎ የማይዘገነው!»

«እንግዲያው ከበዓል በኋላ እሄዳለሁ። ቃሌ ነው። ዛሬ ግን ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሱቅ አልዘጋም።»

«ጋሼ፣ ከበዓል በኋላ ይዘውት የሚሄዱት ዓይን ላይኖር ይችላል!» አለች። ጮኻ ነበር፤ እትዬ ሀፍሷም ከማዶ ቀና አሉ። እኔ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ፤ ከበሩ ወደ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው ወደ በሩ እመላለስ ጀመር። ሂዳያ ድምፅዋን አለሳለሰች። «አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ግራ ዓይንዎን በእጅዎ ሸፍነው መምህርን ይዩአቸው።»

«ቀላል ነው» ብለው ሸፈኑ። ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እጅ ለእጅ በምንጨባበጥበት ርቀት ላይ ቆሜያለሁ።

«መምህር... ወጡ እንዴ?»

«እዚሁ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ጉም ነው» አሉ። «ጉም ብቻ ነው የማየው።»

እጃቸውን ከዓይናቸው ሳያነሱ ቆዩ። ቀጥሎ የተናገሩትን ለሂዳያ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

«ታላቅ ወንድሜ ምንይሉ፣ አገር ቤት ያለው፣ ኩራዙ ዙሪያውን ቀለበት አወጣ ይለን ነበር። ሳቅንበት። ከዚያ ዓይኑን ይዞ ሲያቃስት፣ ሲያስመልሰው ሰነበተ። ምች ነው ተባለ። ሚስቱ ደብሪቱ ላቡ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ አውጥታው ነው አልን። ዓይኑ ሲጠፋ ጥፋቱን ሁሉ በእሷ ላይ ጫንነው። እናቴ እስክትሞት አላናገረቻትም። እኔም እስከ ዛሬ አፌን ከፍቼ አላናገርኳት።» ድንገት ብድግ አሉ። «ሀፍሷ! ሱቁን እይልኝ! እኔ ሆስፒታል መሄዴ ነው።»

እንዴት እንደወጣን አትጠይቀኝ። ሂዳያ ክንዳቸውን ይዛ፣ እኔ ከፊት ሆኜ «መንገድ! መንገድ!» እያልኩ፣ ከተሸካሚዎቹ ብሼ ሰው እየገፋሁ ወጣን። ታክሲው ውስጥ ጋሼ ጥጋቡ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «አሁንስ ባሰብኝ» አሉ፤ አስመለሳቸውም። ሾፌሩ እንኳን ሳይነጫነጭ መኪናውን አስፈተለከው።

ሐኪሟ የዓይናቸውን ግፊት ለክታ ወንበር ላይ እንዲጠብቁ አላደረገችም፤ ወዲያው አስገባቻቸው። በጠብታና በመድኃኒት ግፊቱን አወረዱላቸው፤ ዓይኑ ሲረጋ በጨረር ትንሽ ቀዳዳ ከፈቱላቸው፤ ገና ያልታመመውን ግራ ዓይናቸውንም እንደዚያው። «ለበዓሉ ማግሥት ቢያቆዩት ኖሮ ቀኙን አናገኘውም ነበር» አለችን። የተጎዳው ሁሉ አልተመለሰም፤ በቀኝ ዓይናቸው ዛሬም ስስ ጭጋግ አለ። ነገር ግን ያያሉ።

ስለ ወንድማቸው ሲጠይቋትም ሐኪሟ አልቀባጠረችም። «እሳቸውን ሳላይ በእርግጠኝነት አልናገርም። የነገሩኝ ምልክት ግን ከእርስዎ ጋር አንድ ነው። እንዲህ ያለው ጠባብነት ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ ይሄዳል፤ እህት ወንድምዎም፣ የወንድምዎም ልጆች መታየት አለባቸው» አለቻቸው።

ጋሼ ጥጋቡ ወደ ሱቃቸው የተመለሱ ቀን ነጠላ ለማስጠገን ሄጄ ነበር፤ ወይን ጠጁን ነጠላ እትዬ ሀፍሷ አግኝተውልኝ ሠርጉ በሰላም አልፏል፣ ከሠርጉ በኋላ ግን ጥለቱ ተፈታብን። የረድፉ ሰው ተሰብስቧል። አስተማሪው እኔ ነኝ ብዬ ቆሜ ሳለ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ቦንዳ የሚፈታው ከሱቅ ውጭ ነው፣ አፍና አፍንጫን በማስክ ሸፍኖ ነው፣ ወለሉ ሳይረጥብ አይጠረግ ይላሉ። ለአለርጂው እንቅልፍ የማያመጡ፣ ለዓይንም የማይከብዱ አዳዲስ መድኃኒቶች እንዳሉ፣ እነሱንም ቢሆን የዓይንን ሁኔታ ነግሮ፣ ባለሙያ ጠይቆ እንጂ ከጎረቤት ኪስ መዋጥ እንደማይገባ ይናገራሉ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ዓይኑን ሳይታይ እንዳይከርምም ያስጠነቅቃሉ። ሕመም ሲመጣ መሮጥ ጥሩ ነው፤ ሳይመጣ መታየት ግን ዓይንንም፣ ሥራንም፣ ጓዳንም ያድናል። ሂዳያ ማዶ ቆማ ታዳምጣለች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ሰዉ ሲበተን ጋሼ ጥጋቡ ስልካቸውን አውጥተው አገላበጡት፣ መልሰው ከተቱት፣ እንደገና አወጡት። በመጨረሻ ደወሉ። ጫጫታው ስላላሰማቸው ድምፁን ከፍ አድርገውት ነበርና እኔም ሰማሁ።

«ደብሪቱ፣ ጥጋቡ ነኝ።»

መልሷን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«የምንይሉ ዓይን... ምች አልነበረም። በሽታው የእኛው የቤተሰባችን ነው፣ እኔንም ያዘኝ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«እኔማ ምንም እንዳላደረግሁ አውቃለሁ» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ይቅር በይኝ።»

«ቆይ። የቤተሰባችን ነው አልክ። ልጆቼንስ ይይዛቸዋል?»

«ሊይዛቸው ይችላል። በጊዜ ከታዩ ይድናሉ።»

«እንግዲያው ነገ መኪና ላይ እጭናቸዋለሁ። መናኸሪያ ቆመህ ጠብቅ። የቀረውን ኋላ እንነጋገራለን» ብላ ዘጋችው።

በማግሥቱ ገበያው ደርቶ ሳለ ጋሼ ጥጋቡ ሱቃቸውን ዘግተው መናኸሪያ ዋሉ። ልጆቹን ራሳቸው ይዘው አስመረመሩ። ወንዶቹ ደኅና ነበሩ። የትልቋ የፋና የዓይን መውጫ ግን እንደ አባቷና እንደ አጎቷ ጠባብ ሆኖ ተገኘና አንድ ቀን እንኳን ሳያማት በጨረር ተሠራላት። ያን ዕለት ከሆስፒታሉ ደጃፍ ሆነው ለደብሪቱ ደወሉላት።

«ፋናዬ ታያለች?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ።

«ታያለች። ደግሞም ስታይ ትኖራለች።»

ደብሪቱ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ጋሼ ጥጋቡም ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆመው ጠበቋት።

«አሁን» አለች በመጨረሻ፣ «አሁን ይቅር ብዬሃለሁ።»