የንጋሲ ቤት ብርጭቆ

መምህር በራኺ ዓኽርያ በተባለው ሰፈር ፌርማታ ላይ ቆመው አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ሊያገኟት ያልፈለጓት ሰው ከፊታቸው ድቅን አለች። ጽገ ናት። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣች ብዙም ያልቆየች፣ በቤተ ክርስቲያን ማኅበራቸው ስም ከእሳቸው ጋር የሰፈሩን ቀጥቃጮች የምታስተምር ወጣት ናት። እሳቸው ለወንዶቹ ፊደልና ወንጌል፣ እሷ ለሴቶቹ ስፌትና ንጽሕና። ዓይኗ ቀጥታ የሄደው በብብታቸው ወደያዙት የተጠቀለለ ፊደል ገበታ ነበር።

«መምህር፣ አመመኝ ብለው ልከው አልነበረም እንዴ?»

«አሞኛል እንጂ! የድካም በሽታ ነው የያዘኝ።»

ሐሰት አልነበረም። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ትምህርቱ ሁሉ አማርኛ ከሆነ ወዲህ፣ ትግርኛ ለለመደ ልጅ አማርኛ ሲያስተምሩ ውለው፣ ማታ ደግሞ ዓኽርያ ዳገት ይወጣሉ። ጉልበታቸው አልቋል። ዛሬ የመጡትም ወደሚያስተምሩበት ግቢ በጓሮ በኩል ገብተው፣ ሰው ሳያያቸው ገበታቸውን ነቅለው ሊሄዱ ነው።

«ሦስት ዓመት ስለ ፍቅር ሰበክሁ፣ ጽገ። ድሮ ግቢው ጢም ይል ነበር። ከትናንት በስቲያ ያስተማርሁት አግዳሚዎቹን ነው! ምን ላድርግ? የእነዚህ ሰዎች ልብ እንደሚቀጠቅጡት ብረት ነው።»

«ብረትማ እሳት ሲያገኝ ይለዝባል። እስቲ ልድፈርና ልጠይቅዎ፤ ከንጋሲ ቤት ቀምሰው ያውቃሉ?»

ንጋሲ የቀጥቃጮቹ አለቃ ነው፤ የሚያስተምሩትም በእሱ ግቢ ነበር። መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ ልጄ።»

«ባለፈው ዓርብ ሚስቱ ትበርህ የሥጋ ዝግኒ ስታቀርብልዎ ምን አሏት?»

«ዓርብ ነው፣ ጾም ነኝ አልኋት። ነውር አለው?»

«በዓለ ሃምሳ ነው እኮ፣ መምህር! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ዓርብም ረቡዕም አይጾምም፤ ይህን የቤተ ክርስቲያን ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቃል። ትበርህ ሳህኑን አንስታ ገባች። አግዳሚው ባዶ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

አይ መምህር በራኺ! ዳዊት ደጋሚው፣ የባሕረ ሐሳብ አዋቂው፣ ዘመኑን ሁሉ ቆጥረው ሲያበቁ በዓለ ሃምሳን ይርሱት? እንደ ልጅ መሬት መሬቱን አዩ።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «ልጅ ሳለሁ ቀጥቃጭ ደጃችን ሲመጣ እናቴ ውኃ በቅል ትሰጠውና፣ ሲሄድ ቅሉን ትሰብረው ነበር። ቡዳ ይበላል ብላ። አእምሮዬ በዚህ አያምንም ጽገ፤ ጉሮሮዬ ግን እምቢ ይለኛል።»

«ታዲያ ጉሮሮዎም ይማር እንጂ! በእነሱ ማረሻ የታረሰውን እህል እንበላለን፤ ቤታቸው ስንገባ እንጾማለን። ጌታ ቀራጮች ቤት ሲገባ ጾም ነኝ አለ? ሰው እኮ ወዳጁን የሚያውቀው በማዕድ ነው።»

«ቢያመኝስ?» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ማነስ ብሎ።

«እኔ ስበላ ከርሜ፣ ይኸው ከመወፈሬ በቀር ምን ሆንሁ?» ብላ ሣቀች። ሣቋ ግን ወዲያው ጠፋ። «ዛሬ የንጋሲ ልጅ ክርስትና ተነሥታለች። ከቀጥቃጮቹ ሌላ ጎረቤት የተባለ አንድም ሰው አልመጣም። እርስዎ ይመጣሉ ብለው ግን እስካሁን ማዕዱን አልከፈቱም። ከቀሩ ነገ በዚያ ግቢ ፊደል የሚቆጥር አይኖርም፤ እኔም በምን ፊቴ እገባለሁ?»

አውቶቡሱ መጣ። መምህር አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳረፉ። ትኬት ቆራጩ «ይገባሉ ወይስ ይወርዳሉ?» ብሎ ጮኸባቸው። ወረዱ።

ንጋሲ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲያያቸው «እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም! እንኳን ደህና መጡ!» አለና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው። ትበርህ ወደ ጓዳ ገብታ በወረቀት የተጠቀለለ ብርጭቆ ይዛ ወጣች።

«ይህ የእርስዎ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «መጀመሪያ የመጡ ለት ከእዳጋ ሓሙስ ገበያ የገዛነው ነው። በእኛ ዕቃ እንዳይቸገሩ ብለን። ማንም አልጠጣበትም።»

ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። መምህር አፈሩ። እኒህ ሰዎች የእሳቸውን ንቀት ቀድመው አውቀው፣ ያንንም በአክብሮት ጠቅልለው አስቀምጠውላቸው ኖሯል!

«ይህን ለሕፃኗ አስቀምጪላት፤ አድጋ ትጠጣበት» አሉ። «ለእኔ በንጋሲ ብርጭቆ ቅጂልኝ።»

ንጋሲ በብርጭቆው የነበረውን የስዋ ጠላ ግማሹን ጠጥቶ ዘረጋላቸው። መምህር ጭልጥ አደረጉት። ይህን ያዩት አሮጊት እናቱ አደይ ኣብርሄት፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው መጡ። ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው አይደል የሚባለው? መምህር ተጨነቁ፤ ዋጡም። ሆዳቸውን አዳመጡ። በርበሬው ካስነጠሳቸው በቀር ምንም አልሆኑም።

ከመውጣታቸው በፊት ገበታቸውን ከቦታው መልሰው ሰቀሉ።

ሰው የናቀው ቤት ገብቶ ቢያስተምር ቃሉ ደጅ ይቀራል፤ አብሮ ቢቆርስ ግን ቃሉም አብሮ ይገባል። በሳምንቱ አግዳሚው ሞላ። የታመመ ልጃቸውን ይደብቁ የነበሩ እናቶች ለጽገ ያሳዩአት ጀመር። ንጋሲ ራሱ ከእነ መዶሻው መጥቶ «ሀ ሁ» አለ። መምህር በራኺን ድካሙ ለቀቃቸው ወይ ብትሉኝ፣ አልለቀቃቸውም፤ ዳገቱ ያው ዳገት ነው። አሁን ግን ጫፉ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው አለ።

ዓርብ ዕለት ትበርህ ከሳህኑ ጋር ብቅ አለችና ከመጋረጃው አጠገብ ቆመች።

«መምህር፣ ዛሬ ዓርብ ነው» አለች፣ ሣቋን አፍና።

«ሃምሳው መቼ አለቀ?» አሉ እጃቸውን እየታጠቡ። «አምጪው እንጂ!»