ሁለት በር የነበረው ቤት እመቤት፣ ወይዘሮ ዜሊንዳ ፌሬቲ

የተወደዳችሁ የሳን ሩፊኖ ሰዎች፣ ብርዱ ጀርባችሁን እየመታው የቤተ ክርስቲያኑ በር ወለል ብሎ መከፈቱ የማንም ዝንጋታ አይደለም፤ የሟቿ የመጨረሻ ቃል ነው። እኔም የአክስታቸው ልጅ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማነበው ከደጅ የቆመ ሰው ስላለን ነው።

ወይዘሮ ዜሊንዳ ከአባታቸው ከአቶ ኡሊሴ ፌሬቲና ከእናታቸው ከወይዘሮ አርጂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. በዚሁ መንደር፣ ከፖ ወንዝ ግድብ ሥር ባለው የጭሰኛ ቤት ተወለዱ። በታላቅ ወንድማቸው በአቶ ኦሊንዶና በታናሽ ወንድማቸው በአቶ ኤጂስቶ መካከል መወለዳቸው ዕድሜ ልካቸውን ዕጣቸው ሆኖ ቀረ። እስከ አምስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ላም ሲያልቡ፣ በየፀደዩም ወደ ሩዝ እርሻ እየወረዱ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ሲያርሙ አደጉ።

ከአቶ ኔሎ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ልጃቸውን ሎሬታን ቢያፈሩም፣ አቶ ኔሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ሩሲያ ዘምተው በዚያው ቀሩ። መሞታቸው አልተረዳ፣ መኖራቸው አልተሰማ፤ ወይዘሮ ዜሊንዳ ጥቁር ለብሰው፣ ሕፃኗን ታቅፈው ወደ ወንድሞቻቸው ቤት ተመለሱ።

ከጦርነቱ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ሁለቱ ወንድማማቾች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሄደው ለግራዎቹ፣ ለኮሙኒስቶቹ ወገን፣ ድምፃቸውን ሰጡ። በ1948ቱ የጣሊያን ፓርላማ ምርጫ ግን አቶ ኤጂስቶ፣ ኮሙኒስቶች ካሸነፉ ያቺን ያለችኝን አንዲት ላም ይወስዱብኛል ብለው ሰጉና ልባቸው ወደ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ዞረ፤ አቶ ኦሊንዶ የግራዎቹን አርማ ከለጠፉበት የቤቱ በር ላይም የመስቀሉን አርማ ደርበው ለጠፉበት። ወይዘሮ ዜሊንዳ መሃል ገብተው «የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ እራት ግን አብረን እንብላ!» ብለው ለመኑ፤ ማን ሰምቷቸው! ይልቁንም ሁለቱም በየተራ «አንቺስ ለማን ነሽ?» ብለው ቢያፋጥጧቸው፣ ለሁለቱም «ለአንተው ነኝ» ብለው ማሉ። ድምፃቸውን ለማን እንደሰጡ አንድዬ ብቻ ያውቃል።

ሬዲዮው የክርስቲያን ዴሞክራቶችን ድል ባወጀ ዕለት አቶ ኤጂስቶ «አየህ?» ቢሉ፣ አቶ ኦሊንዶ «ከእንግዲህ አንተ በምትገባበት በር አልገባም!» አሉ። አይ የእኛ ሰው እልህ! በማግስቱ ዶማ አንሥተው በበረቱ በኩል ግድግዳውን ደርምሰው የራሳቸውን በር አወጡ። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ዜሊንዳ በአንድ ምድጃ ሁለት ጊዜ እያበሰሉ፣ የገናውን ካፔሌቲ፣ ያን በሥጋ የተሞላ ፓስታ እንኳ፣ ከነሾርባው መጀመሪያ ለአንዱ፣ እሱ ሲወጣ ለሌላው እያቀረቡ፣ ራሳቸው ከማን ጋር እንደሚቀመጡ ግራ እየገባቸው ብዙውን ጊዜ ቆመው ይበሉ ነበር። ቄሱ ሞከሩ፣ ከንቲባው ሞከሩ፣ እኛም ዘመዶች ሞከርን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

እነሆ፣ ወንድማማቾቹ የተጣሉባቸው ፓርቲዎች ሁለቱም ዛሬ ፈርሰዋል። ወይዘሮ ዜሊንዳ በሳንባ ሕመም ተይዘው ከአልጋ ሳሉ ይህን ሰምተው፣ ሁለቱንም በየተራ አስጠርተው «ፓርቲዎቹ እንኳ ሞተዋል፤ አንተ የምን ግትርነት ነው የቀረህ?» ቢሏቸው፣ ሁለቱም አለቀሱ፤ አልቅሰውም በየበራቸው ወጡ። እሳቸውም ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ኦሊንዶና ኮሙኒስት ጓዶቻቸው በቀብር ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መቅረት ልማዳቸው መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ማንም አይከፋበትም። ወይዘሮ ዜሊንዳ ግን ሣጥናቸውን ወንድሞቻቸው ከፊት በኩል፣ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ፣ ከዚሁ ከውስጥ አንሥተው እንዲያወጡላቸው ተናዝዘዋል። ይህ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ያለው አንድ በር ብቻ ነው።

ልጃቸውን ሎሬታንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ከፊት ወንበር ያሉትን አቶ ኤጂስቶን፣ ከደጅ ደረጃው ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው የቆሙትን አቶ ኦሊንዶን ትተው አልፈዋል። በሁለት ገበታ መካከል ሲመላለሱ የደከሙትን እኅታችንን፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አንድ ገበታ ባለበት ያሳርፍልን።

ሣጥኑን የሚያነሡት አራት ናቸው፤ ሦስቱ ቆመዋል። ጋሼ ኦሊንዶ፣ አንብቤ ጨርሻለሁ።