ደመወዝ ቀንሶ ዛንዚባር

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ እናትና ልጅ ተቀምጠዋል። ልጅቱ አስተማሪ ናት፤ ዛንዚባር ካለ አንድ ትምህርት ቤት «ነይ» ተብላለች።

«ሰው ውጭ አገር የሚሄደው ደመወዝ ሊጨመርለት ነው» አሉ እናት። «አንቺ ልታስቀንሺ?»

«እማዬ፣ ኑሮው ይለያል እኮ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አለቀ፣ በቃ።»

«ከዚያስ?»

«ባሕር ዳር ቁጭ እላለሁ።»

«ለእሱማ ባሕር ዳር እዚሁ አገርሽ አለልሽ፤ በአውቶቡስ ትሄጂያለሽ።»

ልጅቱ ሳቀች። «እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ የሁሉንም ስም አውቃለሁ። እዚህ 'አንተ መስኮቱ ጋ ያለኸው' እያልኩ ነው የማስተምረው። ማታ ደግሞ በየሰዉ ቤት ሳስጠና አመሻለሁ። አንቺን ራሱ መቼ አገኝሻለሁ?»

«እሑድ ቸርች እንገናኛለን።»

«እሱስ አለ።»

«እዚያም ስብከቱ ሲጀመር ትተኛለሽ።»

«ታዲያ ልሂድ?»

እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እኔስ?»

«ክረምት ክረምት እመጣለሁ።»

«እሱን አይደለም። የሚሰጡሽ ቤት ባለ ስንት መኝታ ነው?»

«ባለ ሁለት።»

«ታዲያ እሱን አስቀድመሽ አትናገሪም?» አሉና ወደ ረዳቱ ዞረው «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ።

እኔ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሳርም የነበረውን የተማሪዎቼን ፈተና ቀስ ብዬ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።