የዛፉ ሥር ሙሽራ
ሆላንድ፣ ዴንሃግ ከተማ፣ ላክ ሰፈር፣ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንድ ጀርመናዊ አዛውንት አሉ። በቀደም «የተወለድኩባትን መንደር ላሳይሽ» አሉኝና ድንበር ተሻግረን ሄድን። አንድ ሸምገል ያለ አስጎብኚ ጥንታዊውን ቤተ ክርስቲያንና የውሃ ወፍጮውን በደች ቋንቋ እያስረዳ አሳየንና አደባባዩ ላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመ። «እዚህ አንዲት ሙሽሪት ሙሽራዋን ስትጠብቅ ዋለች። እሱ ለካ ወደ ሆላንድ ፈርጥጧል!» አለን።

«ወይ ጉድ! እንዴት ያለ ባለጌ ነው!» አልኩ እኔም ከልቤ አዝኜ። ዞር ስል የእኔ አዛውንት ፊታቸው በርበሬ መስሏል። በከዘራቸው መሬቱን መትተው «ውሸት ነው! እኔማ ስጠብቃት ዋልኩ፤ የቀረችው እሷ ናት!» ብለው ጮኹ። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። አስጎብኚው ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀና ትክ ብሎ እያያቸው «እናቴ ግን እንደዚያ አላለችኝም» አላቸው።