ከስፌት መኪናው ላይ የተንጠለጠለው ጡጦ

ሱሪዬን ላሳጥር ወደ አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጎራ ባልኩበት ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ዛሬም ሳስበው ደስታዬ አይበርድም።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሚጢ የሚሏትን የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠዋል። ከስፌት መኪናው ላይ የጭማቂ ጡጦ በክር ተንጠልጥሏል። ሚጢ በየደቂቃው ሳብ አድርጋ ትጠባለች። የጎረሰችው ዳቦ ግን ጉንጯ ውስጥ እንደተወተፈ ነው።

ቀሚስ ልትለካ የመጣች የጥርስ ሕክምና ተማሪ ዝም ማለት አቃታት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ጡጦ ቀኑን ሙሉ እዚህ ነው የሚውለው?»

«ታዲያስ! ያለሱ አንድ ጉርሻ አይወርድላትም። እናቷ ደግሞ ‹አባዬ፣ በዚህ ወር ካልወፈረች ሕፃናት ማቆያ አስገባታለሁ› ብላኛለች።» የሚጢን ፀጉር ዳበስ አደረጉ። «እሷን ከወሰዱብኝ ከማን ጋር ልውል ነው?»

«የማይወርድላት ስለማታኝክ እኮ ነው። ስታኝክ አፏ ራሱ ምራቅ ያመነጫል፤ ምግቡን የሚያርሰው እሱ ነው። ጭማቂው ግን ሆዷን ይሞላዋል፤ ስኳሩም ጥርሷን ይጎዳል።»

«ምራቅ? እኔ ለሃጯን ስጠርግ ነው ያሳደግኋት! አሁን ደግሞ አመስግነው ልትይኝ ነው?» አሉና የመርፌ ክር ጫፍ ከንፈራቸው ውስጥ ከተቱ።

«እስኪ ያንን ክር በመርፌው ሊያሾልኩት ሲሉ በምን አረጠቡት?»

ሽማግሌው ክሩን ከከንፈራቸው አውጥተው አዩት። እኔ ሳቄን ልደብቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ይሄማ ሥራ ነው» አሉ።

«የሷም አፍ ሥራ አለው! ካላመኑኝ ይችን ደረቅ ዳቦ ሳይውጡ ያኝኩና በጣትዎ እስከ ስልሳ ይቁጠሩ።»

የሚጢን ዳቦ ቆርሳ ለሽማግሌው፣ ለሚጢና ለኔም ሰጠችን። እኔ ሰው ፊት አፌን የማልከፍት ሰው ነኝ። አርባ ላይ ስደርስ ግን፣ «ጣፈጠኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«እውነትም!» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸው ፈጦ። «ማን ስኳር ጨመረበት?»

«የርስዎ ምራቅ! ዳቦውን እያሟሟ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። አፍንም የሚያጥበው እሱ ነው።»

ሚጢ እጇን ወደ ጡጦው ሰደደች። ሽማግሌው ትንሽ አመነቱና መቀሳቸውን አንስተው የጡጦውን ክር ቆረጡት። ልጅቷ ልታለቅስ ከንፈሯን ስትጥል፣ «ማን ቀድሞ ያጣፍጣል?» አሏት። አኘከች፣ አኘከች።

«እኔ ቀደምኩ! አባባ፣ ቀደምኩህ!»

ከወር በኋላ ኮት ይዤ ተመለስኩ። ጡጦው በነበረበት ቦታ የልብስ መለኪያ ሜትር ተሰቅሏል። ሚጢ በምግብ መሐል ሲጠማት ውሃ በኩባያ ትጎነጫለች፤ ሲርባት ትበላለች፤ አኝካ ትውጣለች። እኛ ወላጆችና ዘመዶች ልጅን ለማብላት ስንጣደፍ የገዛ አፉን ሥራ እንደምንነጥቀው ያን ቀን ገባኝ።

«እናቷ በገዛ እጇ ወገቧን ለካቻት» አሉኝ ሽማግሌው ሜትሩን እየዘረጉ። «ሁለት ጣት ጨምራለች! ‹እሺ አባዬ፣ እዚሁ ትዋል› አለችኝ።»

ከዚያ ኮቴን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ አቀበሉኝ።

«እስከ ስልሳ!» አለች ሚጢ፣ ጣቶቿን ዘርግታ።