ከመግሪብ የተመለሰው ሰው

ፊልም መተቸት እንጀራዬ ነው። ከሚሴ ከተማ ባለው ቪዲዮ ቤት የምሽቱ የመግሪብ ሶላት አዛን ሲል ፊልሙ ይቆማል፤ ሰዉ ሰግዶ ይመለሳል። ወዳጄ ዳይሬክተሩ የመጀመሪያ ፊልሙን እዚያ ሲያሳይ፣ ፊልሙ ውስጥ በር የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ደብቆ ስለነበር፣ ሰዉ ከመስጊድ እየሮጠ ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲሰምርለት ሁለቱ ይከሽፉበት ጀመር። የመጨረሻ ፊልሙን ይዘን ወደዚያው ስንሄድ ደግሞ ገዳዩን ገና ከመነሻው አሳየና፣ ለሶላት የወጣው ሁሉ በዚያው ቀረ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ተመልሰው አጠገባችን ተቀመጡ። የዳይሬክተሩ ፊት በራ። «አባቴ፣ መጨረሻው አጓጉቶዎት ነው?» አላቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ መጨረሻውንስ አውቄዋለሁ። እንግዳ ብቻውን ተቀምጦ እኔ ቤቴ መግባት ከበደኝ እንጂ» አሉት።

በጋዜጣ ስንቴ ሳብጠለጥለው የሚስቅብኝ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ የቪዲዮ ቤቱን ሰውዬ «ዝጋው በቃ» አለው።