ጃርቱና የእድሩ ዳኛ

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ፣ ቅመማ ቅመም የሚነግዱት ጋሼ እንድሪስ ከወሎ ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በሰፈራቸው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ሥር የሚያለቅስበት እድር ነበር፤ የዚያ እድር ዳኛ እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሁለቱም ተናግረው እስኪደክማቸው ድረስ የሚያዳምጡ፣ ታጋሽ ሰው ነበሩ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው። አንድ ጊዜ «ይህ እንዲህ ነው» ካሉ በኋላ ቃላቸውን መመለስ ውርደት ይመስላቸው ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ የጎረቤታቸው የባህረዲን ልጅ ራዲያ ለእናቷ ጥቁር አዝሙድ ልትገዛ ወደ ሱቃቸው ብቅ አለች። ራዲያ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ታስተምራለች። ጋሼ እንድሪስ አዝሙዱን ሰፈሩና አጠገባቸው ከተቆለለው መጽሐፍ አንድ ገጽ ገንጥለው ጠቅልለው ሰጧት። ራዲያ ጥቅሉን አየችው። ከዚያም ቀና ብላ ቁልሉን አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምነው ልጄ፣ አነሰብሽ እንዴ?»

«የለም ጋሼ። ወረቀቱን ከየት አገኙት?»

«ከአንድ ማተሚያ ቤት ነው። ያልተሸጠ መጽሐፍ ነው ብለው በሚዛን ሸጡልኝ። ወፍራም ስለሆነ ቅመም አያፈስም። ሥዕልም አለበት፤ ሴቶቹ ይወዱታል። እዪው፣ እዚህ ላይ ጃርት ካፖርት ለብሶ ቆሟል።»

«ካፖርት አይደለም፤ የዝናብ ልብስ ነው» አለች ራዲያ ቀስ ብላ። «የሣልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼ እንድሪስ የያዙትን ሌላ ገጽ አስቀመጡ። በርጩማ ሳቡላትና አስቀመጧት። ደግ ሰው ስለሆኑ አዘኑላት፤ ግን ሐዘናቸውን በተግሣጽ ነበር የጀመሩት።

«እኔ አላወቅሁም፤ ባውቅ ኖሮ አልቀደውም ነበር። ግን ልጄ፣ አንቺን የሚያህል የተማረ ሰው ጃርት የዝናብ ልብስ ለበሰ፣ ጉሬዛ እንዲህ ብሎ ተናገረ እያለ ለልጅ ይጽፋል? ልጅ ቁጥር ይማር፤ ደብዳቤ መጻፍ ይማር፤ ሃይማኖቱን ይወቅ። እንስሳ አይናገርም። የማይናገረውን ተናገረ ማለት ደግሞ ውሸት ነው።»

«እርስዎ ልጅ ሆነው ቀበሮ ጅብን እንዴት እንዳታለለች አልሰሙም?»

«እንዴት አልሰማም? አያቴ ነበሩ የሚነግሩን።»

«ታዲያ ቀበሮዋ በእውነት ተናግራለች ብለው አምነው ነበር?»

«ማን ያምናል? ጨዋታ ነው እንጂ።»

«የዛሬ ልጆችም ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉ፣ ጋሼ። ውሸት የሚባለው ሰሚውን ለመጉዳት ወይም ለማሳሳት የተነገረ ነው። ጃርት የዝናብ ልብስ እንደማይለብስ የማያውቅ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚስቁትም ስለሚያውቁ ነው።»

«በአፍ ሲነገር ሌላ ነው» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «ሽማግሌው ተረቱን ይነግርሻል፤ ሲጨርስ ደግሞ ምን እንደገባሽ ይጠይቅሻል። ወረቀት ማንን ይጠይቃል?»

«በዚህስ ልክ ነዎት። ግን በዚህ በመርካቶ ማን ይነግራቸዋል? አባት ሱቁን ዘግቶ ሲገባ የሚያምረው እግሩን መዘርጋት ነው። እናት ስትነግድ ውላ ነው የምትገባው። አያቶቹ አገር ቤት ቀርተዋል። ልጆቹ ፊደል ለይተው ሲጨርሱ ደግሞ የምንሰጣቸው ለአዋቂ የተጻፈ ምክር ነው፤ ሁለት መስመር አንብበው ያዛጋሉ። የሚያስቃቸው ነገር ሲያገኙ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው እስከ መጨረሻው ያነባሉ። ሲጨርሱ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ።»

ይህ የራዲያ አነጋገር በትሕትና የተነገረ ይሁን እንጂ ክብደት ነበረው። ጋሼ እንድሪስም ነገር ሲገባቸው እንደ ልማዳቸው ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉና «እስኪ ይሁን። ምን ይላል ይህ ጃርትሽ?» አሉ።

ራዲያ ከቁልሉ አንድ ያልተቀደደ አንሥታ አነበበችላቸው።

በአንድ ትልቅ ሾላ ሥር እንስሳት ክረምቱን የሚያሳልፉበት ዋሻ ነበር። በሩ ላይ ጉሬዛ ይቆማል፤ የመጣውን ሁሉ «ጭራህን አሳይ» ይላል፤ ሕጉ ነውና። ዝናቡ ሲበረታ ጃርት መጣ። ጭራውን አሳየ። ጉሬዛው ጎንበስ ብሎ ፈለገ፤ እሾህ ብቻ ሆነበት። «ይህ ጭራ አይባልም» አለና በሩን ዘጋ። ጃርቱ የዝናብ ልብሱን ደርቦ ውጭ ቆመ። ውስጥ ያሉት ሲሞቃቸው ኤሊ ከጥጓ ጠየቀች፦ «የእኔን ጭራ ያየ አለ?» ሁሉም ተያዩ። ማንም አላየም። ያኔ ሌላም ሌላም ትዝ አላቸው። ከርከሮ ያንኮራፋል። ቆቅ በተኛችበት ትራገጣለች። የጉሬዛው ረጅም ጭራ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሁሉን አፍንጫ ሲነካካ ያድራል። በሩን ከፈቱና ጃርቱን አስገቡት፤ እሾሁን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ግድግዳውም ምንም አላለም።

ንባቡ የኤሊዋ ጭራ ላይ ሲደርስ ጋሼ እንድሪስ ሳይወዱ ሳቁ። ቢሆንም ነጋዴ ናቸውና መጨረሻው አልጣማቸውም።

«አንድ ነገር ጎድሎታል» አሉ። «ጃርቱ ምን ጠቀማቸው? ጅብ መጥቶ በእሾሁ ወግቶ ቢያባርርላቸው ኖሮ መግባቱ ተገቢ ይሆን ነበር።»

«ማተሚያ ቤቱም እንዲሁ ነበር ያለኝ። ግን ጅቡን ካባረረ በኋላ ቢያስገቡት ዘበኛ ቀጠሩ እንጂ ጎረቤት አገኙ አይባልም። ሌሎቹስ ሲገቡ ምን ጠቅመው ነበር? ዝናብ ስለዘነበባቸው ነው የገቡት።»

ጋሼ እንድሪስ አንድ ሰው ትዝ አላቸው። በሰፈሩ ሀብተ ወልድ የሚባል ሰው አለ፤ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከአሮጌ ጣሳና ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃ የሚሠራ ነው። በሰፈሩ አምስት ዓመት ኖሯል። ወደ እድሩ ለመግባት ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ «እናስብበት» ተብሏል። ምክንያቱን በስብሰባ ላይ የተናገረ የለም። በየቤቱ ግን «ቀጥቃጭ ነው፤ ዓይኑ ይበላል» ይባል ነበር።

«ይህ ነገር ስለ ሀብተ ወልድ ነው» አሉ።

«ስለ ሴት ልጁ ነው ጋሼ። ማዕረግ እኔ ክፍል ናት። ሦስት ልጅ በሚያስቀምጥ ዴስክ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች።»

«እኔስ ከእነዚህ የትኛው ነኝ?»

ራዲያ መዋሸት አልሆነላትም። ነጩን ጋቢያቸውን አየችና አንገቷን ደፋች። «ጉሬዛው ነዎት» አለች።

ጋሼ እንድሪስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አባትሽን ስለማከብር ክፉ አልናገርሽም። አዝሙድሽን ይዘሽ ሂጂ» አሉ። ራዲያም ይቅርታ ጠይቃ ሄደች።

ይሁን እንጂ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከዚያ ቁልል አንዲት ገጽ አልቀደዱም። ለመጣው ገዢ ሁሉ አሮጌ ጋዜጣ ፈልገው ጠቀለሉ። ቁጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በቀደዱት ነበር፤ ከቁጣው ሥር ግን ሌላ ነገር ይቆረቁራቸው ነበር።

በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንዱን መጽሐፍ ይዘው ቤት ገቡ። የልጅ ልጃቸው ራህማ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የራዲያ ተማሪ ናት። መጽሐፉን ስታይ ነጠቀቻቸውና አጠገባቸው ተቀምጣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አንዳንዱ ቃል እየያዛት፣ ጉሬዛው ጎንበስ ሲል እየሳቀች አነበበች። ጃርቱ ውጭ የቆመበት ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለች።

«ማዕረግም እንዲህ ነው የምትቆመው፤ እኛ ስንጫወት» አለች።

«ለምን አታጫውቷትም?»

«ዓይኗ ይበላላ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት አባባ። ለእማማ ሲነግሯት ሰምቼ ለልጆቹ ነገርኳቸው» አለችና ገጹን ገልጣ ንባቧን ቀጠለች።

ራህማ ያለ ክፋት ነበር የተናገረችው፤ ጋሼ እንድሪስን የጎዳቸውም ይኸው ነው። መቼ እንደተናገሩት ትዝ አላቸው። ባለፈው ክረምት የጎረቤት ሕፃን ታሞ ሰዎች «የቀጥቃጩ ቤተሰብ ዓይን ነው» ብለው ሲያወሩ እሳቸውም ሰምተው፣ ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ለእትዬ አስያ እንደ ወሬ ነገሯቸው። አላዩም፤ አላጣሩም። በእድር ዳኝነታቸው ምስክር ሳይሰሙ ፈርደው የማያውቁ ሰው፣ አንዲት ሕፃን ላይ ያለ ምስክር ፈረዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ምን አለሽ ተራ ወረዱ። ሀብተ ወልድ የዘይት ጣሳ እየቀጠቀጠ ነበር። ሲያያቸው መዶሻውን አስቀመጠና አንድ ሳጥን በእጁ ጠርጎ አቀረበላቸው።

«እድሩ ነገ ይሰበሰባል። እንድትመጣ ነው» አሉት ከተቀመጡ በኋላ።

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ» አለ ሀብተ ወልድ። «ድሮ ልጄ ሕፃን ነበረች። አሁን ግን ‹አባዬ ምን አሉህ?› ብላ ትጠይቀኛለች። ለአራተኛ ጊዜ ‹እናስብበት አሉኝ› ብዬ እንዳልመልስላት ነው የምፈራው።»

«መሆን አለመሆኑን እኔ ብቻዬን አልወስንም። በዚህ ጊዜ ግን የማነሣውም የምከራከርልህም እኔ ነኝ።»

እሑድ ዕለት በእድሩ አዳራሽ ነገሩ ሲነሣ ጅምላ ነጋዴው ቡርሃን ቀድሞ ቆመ። «ጋሼ፣ እኛ ሰውየውን ጠልተን አይደለም። ግን ልጆች አሉን። የሚወራውን እርስዎም ያውቁታል» አለ።

«አውቃለሁ፤ ካወሩት አንዱ እኔ ነኝና» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «በሰውየው ዓይን ተበልቶ ሲታመም ያየኸው ሰው አለ ቡርሃን?»

«እኔ እንኳ አላየሁም። ሲባል ነው የሰማሁት።»

«እኔም ሲባል ነው የሰማሁት። እዚህ የተቀመጥነው ሁላችን ከየአገራችን መጥተን፣ አንዳችን የሌላውን ዘር ማንዘር ሳንጠይቅ ነው ድንኳን የገዛነው። ለምን? ሁላችንም ሟች ስለሆንን ነው። ይህ ሰው ከሞት የሚያመልጥ ከሆነ እድር አያስፈልገውም፤ እንመልሰው። የሚሞት ከሆነ ግን እንደ እኛው ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁም ተዛመተ። ቡርሃንም «እንዲህ ከሆነስ እኔም አልመልሰውም» ብሎ ተቀመጠ። እጅ ሲወጣ የእሱም እጅ ነበረበት። ሀብተ ወልድ ተጠርቶ ሲገባ ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው በመካከላቸው ቦታ ሰጡት።

ጋሼ እንድሪስ ከስብሰባው ቀጥለው ወደ ባህረዲን ቤት ሄዱና ራዲያን አስጠሯት። የተረፉትን መጻሕፍት መለሱላት፤ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ስለሚውል ልጆቹን ሰብስባ እንድታነብላቸው ቁልፉን ሰጧት።

ከዚህ የተገኘውን ጥቅም ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። በአውራ ጎዳና በመኪና መካከል ይሯሯጡ የነበሩ ልጆች ቅዳሜን አዳራሽ ውስጥ ማሳለፍ ለመዱ። ፊደል የከበዳቸው ሥዕሉን እየተከተሉ አነበቡ። ከልጆቻቸው ጋር የመጡ እናቶች ከኋላ ተቀምጠው በጣታቸው ፊደሉን መከተል ጀመሩ። ራህማና ማዕረግ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ፤ ሲያወሩም ይቀጡ ጀመር። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሰምተው ያመኑትን ነገር ለልጅ ከማውረሳቸው በፊት ቆም ብሎ መመርመር እንደሚገባ ተማሩ።

በግንቦት መጨረሻ ራዲያ አዲስ መጽሐፍ ጀመረች፤ አገሩን ለቆ መርካቶ ስለ ገባ ግመል ነው። የመጀመሪያውን ሥዕል ለልጆቹ ስታሳይ ጋሼ እንድሪስ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ግመል ተሳስቷል» አሉ። «ግመል እንዲህ አይቀመጥም።»

«እንዴት ነው የሚቀመጠው ጋሼ?»

«መጀመሪያ የፊት ጉልበቱን ነው የሚያጥፈው። ባቲ ገበያ ስንት ዓመት አይቻለሁ።»

ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ራዲያ እርሳሷን ይዛ ብትሰማም አልገባትም። ጋሼ እንድሪስ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያም ጋቢያቸውን አውልቀው ለማዕረግ አስያዟትና፣ የእድሩ ዳኛ በልጆቹ መካከል በሁለት ጉልበታቸው ተንበረከኩ።